ስለ ቀጥቃጭ የተጻፈውና ሳይጻፍ የቀረው

ስለ አማራ አገር ብረት ሠሪ ሊቃውንት የጻፉትን ሰብስቦ የሚያነብ ሰው፥ ስለ ሰውዬው ዓይን ብዙ፥ ስለ እጁ ግን ጥቂት ተምሮ ይነሣል። ሕዝቡ ራሱ «ባለ እጅ» ብሎ በእጁ ሲጠራው ሳለ፥ ጸሐፊዎቹ «ቡዳ» የሚለውን ሁለተኛውን ስም ይዘው መቅረታቸው ያሳዝናል። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው ገጠር ማረሻ ሲቀጠቀጥ ያየ ሰው ይህን ጉድለት በቶሎ ያስተውለዋል።

ሮናልድ ሬሚኒክ በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ አማራ የቡዳ እምነት ያሳተመው ጽሑፍ በመንዝ በተደረገ ጥናት ላይ የቆመ ነው። ቡዳ የሚባለው ወገን ርስት የሌለው የእጅ ሠራተኛ፥ የሚፈራው ደግሞ ባለርስቱ መሆኑን ማሳየቱ የጽሑፉ ብርቱ ጎን ነው። ሆኖም ብረት ሠሪው ከሌሎቹ የእጅ ሠራተኞች ጋር በአንድ ስም ተጠቅልሎ ስለሚያልፍ፥ የእርሱ ሥራ በምን እንደሚለይ አንባቢው ሳያውቅ ይቀራል። ደግሞም ጽሑፉ ከታተመ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው፥ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። ርስት የፍርሃቱ ሥር ከነበረ ሥሩ ያን ጊዜ ተቆርጧል፤ ፍርሃቱ ግን ጨርሶ አልደረቀም። ደራሲው ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የሚጽፉ ግን ሊጠይቁት ይገባል።

ቶም ቦይልስተን በ2018 እ.ኤ.አ. ስለ ዘጌ ያወጣው መጽሐፍ ወደ አገራችን ይበልጥ ይቀርባል። ምግብን፣ ጾምንና ቡዳን አያይዞ መመርመሩ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ዘጌ በቆየ ቃል ኪዳን በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለበት የቡና ደን ነው። ማረሻ ከማይገባበት ምድር ስለ ቡዳ የተገኘውን ትምህርት፥ ኑሮው ሁሉ በማረሻ ጫፍ ላይ ወዳለው ወደ ቡሬ ገበሬ አምጥቶ ለመጠቀም ብዙ ጥንቃቄ ያሻል። ጄምስ ማካን በ1995 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን የእርሻ ታሪክ በማረሻ ዙሪያ ጽፏል፤ የታሪኩ ባለቤት ግን ገበሬው እንጂ ማረሻውን የሠራው ሰው አይደለም።

እንግዲህ ዕቃውን ራሱን እንመልከት። ሞፈሩን፣ እርፉን፣ ድግሩንና ቀንበሩን ገበሬው ከእንጨት ጠርቦ ሊያወጣቸው ይችላል። ማረሻውና ከድግሩ ጋር አጣምሮ የሚይዘው ወገል ግን ከሌላ ሰው እጅ ይመጣሉ። ገበሬው ያለ ሌላ ሰው እጅ የማያገኛቸው እነዚህን ሁለት ብረቶች ነው፤ የሚያመጣቸውም ማዕድ አብሮ ሊቆርስ ከሚፈራው ሰው ቤት ነው።

ዛሬ የቀጥቃጩ ብረት በብዙ ስፍራ ከአሮጌ መኪና የወጣ ባሌስትራ ነው፤ ቡሬም የነቀምቱ መንገድ ከባሕር ዳሩ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። ባሌስትራ ከተራ ብረት ይልቅ ካርቦን ስለሚበዛበት ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። ግሎ ሳለ በድንገት ውሃ ውስጥ ቢነከርና እንዲሁ ቢተው፥ ድንጋይ ባገኘው ጊዜ እንደ ጠርሙስ ይሰበራል፤ ጨርሶ ባይነከር ደግሞ ይለሰልስና በቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ባለሙያው ጫፉን ብቻ ነክሮ ያወጣል፤ ከኋላ የቀረው ሙቀት ወደ ጫፉ ሲመለስ ቀለሙን ይጠብቃል፤ በልኩ ሲደርስም ያበርደዋል። የሙቀት መለኪያው ዓይኑ ነው። በፀሐይ ብርሃን የጋለ ብረት ቀለም በትክክል ስለማይለይ፥ የሥራው ስፍራ ጥላ የበዛበት መሆን አለበት። ጎረቤት እንደ ምሥጢር መሸሸጊያ የሚጠረጥረው የዚያ ጎጆ ጨለማ፥ በእውነቱ የመሣሪያው አንድ ክፍል ነው። የሚፈራው ዓይንም ሌሊትና ቀን የሚሠራው ይህንኑ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለበትም! ሁለቱን የቆዳ ወናፎች እያፈራረቀ የሚነፋው ረዳትም ትንፋሹን ከጌታው ዓይን ጋር ካላስማማ ብረቱ ይቃጠላል።

አሁን ደግሞ በየከተማው ግቢ ውስጥ ግራይንደርና የብየዳ መሣሪያ ያለው ወጣት በር፣ መስኮትና ምድጃ ይሠራል፤ አንዳንዱም ለደስታው ብቻ ከውዳቂ ብረት አንዳች ነገር ሲፈለስፍ ይውላል። ብረት ያግላል፥ እሳት ይረጫል፥ ይቀጠቅጣል፤ ቡዳ ሲባል ግን አልሰማሁም። እንግዲህ ስሙ የሚከተለው ብረቱን ሳይሆን የትውልዱን ሐረግ ነው ማለት ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛ እንዳይሰደብ ያወጁት አዋጅ ስድቡን ከአደባባይ ሊያርቅ ይችል ነበር፤ ሐረግ ግን በአዋጅ አይቆረጥም። ይህን ልዩነት መንደር ለመንደር የመረመረ ሥራ እስካሁን አላነበብሁም።

በያጁን ማመስገን ግን ሌላውን ወደ መርሳት ሊያደርሰን አይገባም። ባሌስትራ ሳይሞቅ በቅድሚያ በኤሌክትሪክ ሲበየድ፥ ከስፌቱ አጠገብ ያለው ክፍል በድንገት ይቀዘቅዝና ይጠነክራል፤ ብዙ ጊዜም የሚሰነጠቀው በዚያው ነው። እንዲህ የተሰበረ ማረሻ የያዘ ገበሬ፥ ለሚቀጥለው እርሻ እንዲደርስለት ወደ ቀጥቃጩ ጎጆ ይሄዳል። ዋጋውን በእህል ወይም በገንዘብ ይስማማል፤ ማረሻው እስኪቀጠቀጥም ከደጅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።