የዛለ ሰው ትወና

የዛለ ጎልማሳ ሆነህ ተጫወት የተባለ ጀማሪ ተዋናይ አስቀድሞ ትከሻውን ይጥላል፤ ቀጥሎም በረጅሙ ይተነፍሳል። እኔ ግን ተወልጄ ባደግሁባት በይጁቤ፣ አዝመራው የከዳውና ልጁ በሰው አገር የቀረበት ሰው እንዲህ ሲያደርግ ከቶ አላየሁም፤ መንገደኛ ሰላም ሲለው ጋቢውን መለስ አድርጎ፣ ቀና ብሎ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል እንጂ፤ ኀዘኑም የሚታወቀው፣ «ልጆቹስ?» ተብሎ ዳግመኛ ሲጠየቅ፣ ያንኑ ምስጋና ጥያቄው ሳያልቅ ፈጥኖ በመመለሱ ብቻ ነው።

ይህን ለማስረዳት ለተማሪዎቼ የማሳየው የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ የተቀበለውን ፊልም። በጀርመን ሕክምና የተማረው፣ በአብዮቱ ተስፋ ጥሎ ወዳጁን ያጣው፣ ኋላም ዘረኞች ባደረሱበት ጥቃት እግሩን የተነጠቀው የፊልሙ ባለታሪክ አንበርብር፣ በሐይቅ ዳር ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ሲመለስ፣ እግሩን እንዴት እንዳጣ እንኳ በቅጡ አያስታውስም፤ ትዝታው ጥቂት በጥቂት ስለሚገለጥለት፣ ተዋናዩ በየትዕይንቱ ምን ያህሉን እንደሚያውቅ ለይቶ መያዝ አለበት፤ ይህም ከልቅሶ ሁሉ የከበደ ሥራ ነው።

ሆኖም የአንበርብርን ዝለት የሚያሳየን የራሱ ፊት ብቻ አይደለም፤ ዘመን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረች እናቱ፣ መንፈስ አድሮበታል ብለው በጸበል ሊፈውሱት የሚሹት የአገሩ ሰዎች፣ ከወታደር አፈሳ ሸሽተው በዋሻ የተደበቁት ልጆች፣ ሁሉም የየራሳቸውን ተስፋ ያሸክሙታል፤ እርሱም ለአንዱም የሚሆን መልስ የለውም። ስለዚህ የፊልሙን ትዕይንቶች ከተማሪዎቼ ጋር መለማመድ ስጀምር ዋናውን ተዋናይ ከዳር አስቀምጬ፣ እናቱን የሚጫወቱትን ሴት አስቀድማለሁ፤ «እትዬ፣ ልጅዎን ይዩት፤ እግሩን ግን አይዩበት» እላቸዋለሁ። እንጀራውን ሲያቀርቡለት ዓይናቸው ወደ ታች ሊወርድ ሲል መልሰው ወደ መሶቡ ይሰዱታል፤ ያን ጊዜ ልጁን ጠርቼ አጠገባቸው አስቀምጠዋለሁ፤ ያለ አንዳች ምክርም ራሱ ይዝላል።

በፍጻሜው አንበርብር የመንደሩ ልጆች መምህር ይሆናል። ብዙ ተዋናይ ይህን እንደ ትንሣኤ ሊጫወተው ይሻል፤ እኔ ግን ድምፁን እንዳያደምቅ፣ እርምጃውንም እንዳያፈጥን አጥብቄ እከለክለዋለሁ፤ ሥራ አገኘ እንጂ እግሩ አልተመለሰለትምና።