«ላሳሪዮ» እና አንቱታ

በእስራኤል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እስፓንኛም አማርኛም ለባግሩት ፈተና ይቀርባሉ። እስፓንኛን መርጦ መካከለኛ ደረጃ የደረሰ ተማሪ አጥረውና ቀለው ከሚቀርቡለት መጻሕፍት አንዱ «ላሳሪዮ ዴ ቶርሜስ» ነው። ደራሲው ያልታወቀው ይህ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1554 ታትሞ በ1559 በስፔን ኢንኩዊዚሽን ታግዶ ነበር።

ዓይነ ስውር ለማኝ እየመራ ያደገው ልጅ ታሪክ ያስቃል። የመጽሐፉ ቁም ነገር ግን በአጠራሩም ላይ ነው። ላሳሪዮ ሕይወቱን የሚተርከው «ቩዌስትራ መርሴድ» እያለ ለሚያከብረው ሰው ነው፤ የዛሬው «ኡስቴድ»፣ ማለትም «እርስዎ»፣ የተገኘው ከዚሁ ነው። ሦስተኛው ጌታው የጨዋ ልጅ ነኝ ባይ ችግረኛ ነው። አገሩን የለቀቀው ለጎረቤቱ ባርኔጣ ላለማውለቅ ሲል ነው። ሳይበላ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ደጅ ይወጣል፤ ልጁ ለምኖ ያበላዋል።

ስለዚህ ቀልዱን ብቻ ይዞ አጠራሩን የሚጥል አጭር ቅጂ ቋንቋውን ከባህሉ ይለያል። ደራሲው የሚነቅፈው ባዶ ሆድ የሚሸፍን ኩራትን ነው፤ ይህም የሚገባው የአክብሮትን ቃል ለሚያውቅ አንባቢ ነው።

በዕለት ተዕለት ዕብራይስጥ ልጅም ሽማግሌም «አታ» ይባላል። በፔታህ ቲክቫ ቤቱ «መጣህ» እና «መጡ»ን ለይቶ ያደገ ልጅ ግን አክብሮት ግስን እንደሚለውጥ ያውቃል። እስፓንኛም ለ«ኡስቴድ» ግሱን ይለውጣል። ወላጆች ሆይ፣ አማርኛችን ለልጁ ትምህርት እንቅፋት ነው የሚል ቢመጣ፣ ይህን መጽሐፍ ከልጁ ጋር ያንብብ።