ልጅ የሌለበት ላንጋኖ

ፊሊፕ ብሪግስ የጻፈው የኢትዮጵያ የጉዞ መምሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዙ ብራድት አሳታሚነት የወጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ እየታደሰ ስምንተኛው እትም ላይ ደርሷል፤ እዚህ የምመለከተውም ይኸንኑ የ2018ቱን እትም፣ ከእርሱም የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ክፍል ብቻ ነው። የጎንደሩንና የላሊበላውን ሌሎች ይመዝኑት። የእኔ ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው፤ ላፍቶ፣ ጀሞ ወይም ለቡ የሚኖር ወላጅ ትንንሽ ልጆቹን ይዞ ውኃ ዳር ድንኳን ተክሎ ማደር ቢያምረው ይህ መጽሐፍ ይበቃዋል ወይ?

ውኃ ዳር ስል ሐይቅ ማለቴ ነው። ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ የባሕር ዳርቻ የለንም። ከፉሪ ለቡ ጣቢያ የሚነሳው ባቡር እርግጥ ጅቡቲ ያደርሳል፤ ግን ፓስፖርት ተይዞ የሚደረግ ጉዞ እንጂ ቅዳሜ ጠዋት ታስቦ የሚወጡበት አይደለም። ስለዚህ ለደቡብ አዲስ አበባ ልጅ አሸዋና ማዕበል ማለት በአብዛኛው ላንጋኖ ነው፤ ከከተማው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከባሕር ወለል 1,585 ሜትር ከፍታ ላይ።

ከመጽሐፉ ጥንካሬ ልጀምር። ብሪግስ አያቆላምጥም። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ መሆኑን፣ ሰንበት ሲሆን ዳርቻው በአዲስ አበባ ሰው እንደሚጨናነቅ አይደብቅም። ለወፍ ያለው ፍቅር በየገጹ ይታያል። ከላንጋኖ ማዶ ያሉትን አብያታንና ሻላን ሲያነሳ የደረሰባቸውን ጉዳት አብሮ ያነሳል፤ እንደ ማስታወቂያ ወረቀት ፍላሚንጎ ብቻ አያሳየንም። ብዙ የጉዞ ጽሑፎቻችን ሁሉን ነገር ‹‹ውብና ማራኪ›› ብለው በሚያልፉበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ወላጅ አስቀድሞ የሚጠይቀውንም ይመልሳል፤ ላንጋኖ ከቢልሃርዝያ ነፃ ነው ተብሎ ስለሚታመን ሰው ይዋኝበታል።

እሺ፣ ይዋኝበታል። ማን ነው ግን የሚዋኘው?

መጽሐፉ በልቡ የያዘው አንባቢ ጎልማሳ ነው፤ ቦርሳውን አዝሎ ቦሌ የሚያርፍ፣ ራሱን ብቻ የሚጠብቅ። ለዚያ ሰው የውኃው ቀለም የዓይን ጉዳይ ነው፤ አያምርም፣ ግን አይጎዳም፣ ነገሩም እዚያ ያበቃል። ለወላጅ ግን አደጋው ያለው ከዚሁ ቀለም ነው። ደለሉ ከውኃው ጋር ተዋሕዶ ስለሚኖር ጉልበት ድረስ የገባ ሰው የእግሩን ጣቶች አያይም። የአራት ዓመት ልጅ ተንሸራቶ ከውኃው በታች ቢሆን በሁለት ሜትር ርቀት ላይ የቆመ አባት የት እንደገባ ማየት አይችልም። በጠራ የመዋኛ ገንዳ ልጅን ከወንበር ላይ ሆኖ መጠበቅ ይቻል ይሆናል፤ ላንጋኖ ላይ ግን እጅ ከሚደርስበት ርቆ መቆም አይገባም። መጽሐፉ ቀለሙን አይቶታል፤ ትርጉሙን ግን አላየውም። የዳሰሳዬ ዋና ቅሬታ ይኸው ነው።

ነፋሱም እንደዚሁ ነው። የሐይቁ ጠዋትና ከሰዓት አንድ አይደሉም። ጠዋት ውኃው ይረጋል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበል ይመጣል፣ በደንብ ያልተቸነከረ ድንኳንም ይበራል፤ በአየር የሚነፋ የልጆች መንሳፈፊያ ደግሞ ልጁን ይዞ ወደ ውስጥ ሊገፋ ይችላል። ለሰርፍ ወዳድ ደስታ የሆነው ሰዓት ለሕፃን ከውኃ መውጫ ሰዓት ነው። ጠዋት መዋኘት፣ ከሰዓት ጥላ ሥር አሸዋ መቆፈር፤ ይህን ያህል ምክር አንድ መስመር ይበቃው ነበር።

ቢልሃርዝያንም ቢሆን በአንድ ቃል መዝጋት አይቻልም። በሽታው የሚተላለፈው በጨው አልባ ውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ በኩል ነው፤ የላንጋኖ ውኃ ደግሞ ሶዳ የበዛበት ነው። ነገር ግን ከአርሲ ተራሮች እንደ ሁሉቃና ገደምሶ ያሉ ወንዞች ይገቡበታል። ልጆች የሚወዱት ደግሞ ጠበብ ያለችውን ጅረት ነው፤ ድንጋይ ደርድረው የሚገድቡት፣ ሲያንቦጫርቁ የሚውሉት እዚያ ነው። ስለ ሐይቁ የተባለው ‹‹ነፃ ነው›› ለወንዙ አፍ አይሠራም። ለመጠጥም፣ ለወጥም ሐይቁ አይሆንም፤ ጀሪካን ከቤት ሞልቶ መሄድ ነው።

ስለ ወባ መጽሐፉ በጤናው ክፍል ተገቢውን ይላል፤ ችግሩ ያ ክፍል ከላንጋኖ ገጾች መራቁ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ወባ በሌለበት ከፍታ ስላደገ ወላጁ አጎበርን ከአንሶላና ከስፖንጅ እኩል አያስበውም። ላንጋኖ ግን የወባ ቀጠና ነው፤ በተለይ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ያሉት ወራት የከፉ ናቸው። ድንኳኑ ወንፊት ቢኖረውም ልጅ ሽንት መጣብኝ ባለ ቁጥር ዚፑ ይከፈታልና ውስጥ አጎበር መስቀል፣ ፖፖውንም እዚያው ማድረግ ይሻላል። ከሁሉ በላይ መጻፍ የነበረበት ከጉዞው በኋላ ያለው ነው። የወባ ትኩሳት ከንክሻው አንድ ሳምንት ያህል ሳይቆይ አይጀምርም፤ ቫይቫክስ የሚባለው ዝርያ ከወራት በኋላም ሊነሳ ይችላል። እንግዲህ ልጅ ጀሞ ተመልሶ፣ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ሁሉም ከተረሳ በኋላ ሲያተኩሰው ጉንፋን ነው ተብሎ ይታለፋል። ሐኪሙ ሳይጠይቅ ‹‹ላንጋኖ አድረን ነበር›› ማለት የወላጅ ፈንታ ነው።

መንገዱና ዋጋው ብዙ አያከራክሩም፤ አርጅተዋል። ከሞጆ እስከ ባቱ የተከፈተው የፍጥነት መንገድ በ2018ቱ እትም የለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ በብር የተጻፈ የማደሪያ ዋጋ ሁሉ ታሪክ ሆኗል። ይህ የጸሐፊው ጥፋት አይደለም። ይልቅ ለእኛ ሰፈር ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ ከጀሞና ከለቡ ለሚነሳ፣ በቃሊቲ ከመጨናነቅ በዓለም ገና፣ በመልካ ቁንጥሬና በጢያ አልፎ በቡታጅራ ወደ ባቱ መውጣትም አለ። መንገዱ ይረዝም እንደሆነ እንጂ ልጆች እግራቸውን የሚያፍታቱበት ቦታ አያጡም፤ የጢያ ትክል ድንጋዮች ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ያሉ ናቸው። የትኛውም መንገድ ቢመረጥ የዕለቱን ሁኔታ በዚያ ያለ ሰው ጋ ደውሎ ማጣራት ግድ ነው።

‹‹ለውጭ ጎብኚ የተጻፈን መጽሐፍ ለላፍቶ ቤተሰብ አልተመቸም ብሎ መክሰስ አይገባም›› የሚል ይኖራል። ግማሽ እውነት አለው። ብሪግስ ያላሰበውን አንባቢ ስላላገለገለ አልወቅሰውም። ነገር ግን ‹‹ይዋኝበታል›› ያለ ጸሐፊ ለማን እንደሚል ቢናገር ገጹን አያጣብብም፤ ልጅ ይዞ የሚመጣ ፈረንጅም ቢሆን ይጠቀምበት ነበር። ሰንበት ላይ ዳርቻውን የሚያጨናንቀው የአዲስ አበባ ሰው ራሱ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚያሰጋው፣ የት ቢያድር እንደሚሻለው መጽሐፉ አይጠይቅም።

ፍርዴ ይህ ነው፦ ወፍ ለሚከታተልና ብቻውን ለሚጓዝ መጽሐፉ ዛሬም ገንዘቡን ያወጣል፤ ልጅ ለያዘ ግን ግማሽ መምሪያ ነው። የቀረውን ግማሽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ሐይቁ ዳር ከሚኖሩት ሰዎች ጋር ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው እንፈልጋለን። ብዕር የምታነሱ ወላጆች፣ የምታሳትሙም፣ አደራ።