«አድራሻህ ይህ ነው» ስለሚባለው ምክር፤ አጭር ትችት

የቤቱን ራውተር የአይፒ አድራሻ ለማወቅ የሚሻ ሰው ዘወትር የሚሰጠው ምክር «በኢንተርኔት ላይ ጠይቅ፤ አድራሻህን ይነግርሃል» የሚል ነው። ምክሩ ቀላል በመሆኑ ብዙዎች ይቀበሉታል። ነገር ግን ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ስለሚቈጥር ትክክለኛ ነው ለማለት አይቻልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስሕተቱ ከምን ላይ እንደሆነና የሚያስከትለውን ጉዳት ማመልከት ነው።

በአራተኛው የአይፒ ሥርዐት ሊገኙ የሚችሉት አድራሻዎች 4,294,967,296 ብቻ ናቸው። የዓለሙ ማከፋፈያ የመጨረሻዎቹን ክፍሎች እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. አድሎ ጨረሰ። ስለዚህ አያሌ አገልግሎት ሰጭዎች አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ማካፈል ግድ ሆነባቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አር ኤፍ ሲ 6598 የተባለው ሰነድም ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ያሉትን አድራሻዎች ለዚሁ ተግባር ለየ።

ነገሩ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ከሊማሊሞ ቁልቁለት ግርጌ በድብ ባሕር ለሚኖር ሰው ደብዳቤ ቢላክ፥ በአንድ ትምህርት ቤት የፖስታ ሣጥን ቍጥር «በእገሌ በኩል ለእገሌ ይድረስ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የሣጥኑ ቍጥር የትምህርት ቤቱ እንጂ የተቀባዩ አይደለም። ከውጭ የሚታየውም የአይፒ አድራሻ እንደዚሁ የጋራ ሣጥን ነው፤ ባለቤቱን የሚለየው ከአድራሻው ጋር የሚሄደው የፖርት ቍጥር ነው።

እንግዲህ አድራሻዎቹ ሦስት ናቸው፤ በቤት ውስጥ ለየመሣሪያው የሚሰጠው፥ አገልግሎት ሰጭው ለራውተሩ የሚሰጠው፥ ከውጭ የሚታየው። ሁለተኛው የሚገኘው በራሱ በራውተሩ የሁኔታ ገጽ ላይ «ዋን» ከሚለው ሥር ነው። ይህ ቍጥር ከውጭ ከሚታየው ጋር አንድ ከሆነ አድራሻው ለጊዜው የዚያ ቤት ብቻ ነው። ከተለያየና ከላይ በተጠቀሰው ክልል ውስጥ ከወደቀ ግን የጋራ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። በ192.168 የሚጀምር ሲሆን አስቀድሞ መመርመር የሚገባው በቤቱ ሌላ ራውተር ወይም ሞደም ከፊት መኖሩን ነው፤ ካለ የሚፈለገው ቍጥር በእርሱ ላይ ነው። በ10 የሚጀምረው ከሁለቱም ወገን ሊመጣ ስለሚችል ቍጥሩን ብቻ አይቶ መፍረድ አይገባም።

ልዩነቱ የቃላት ክርክር አይደለም። አንድ ተማሪ በድብ ባሕር የዝናብ መለኪያ ተክሎ ጎንደር ሆኖ ሊያነበው ቢፈልግ፥ በራውተሩ ላይ ፖርት ቢከፍትም ጥሪው ከአገልግሎት ሰጭው በር አያልፍም። መድኀኒቱ መሣሪያው ራሱ ወደ ውጭ እንዲደውል ማድረግ፥ ወይም አገልግሎት ሰጭውን የተለየ ቋሚ አድራሻ መጠየቅ ነው።

ከዚህ የሚከፋው የፍርድ ስሕተት ነው። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ዊኪፔዲያ አንድ አጥፊ ለመከልከል ብሎ አንድ አድራሻ ቢዘጋ፥ የካታር ሕዝብ ባመዛኙ በዚያው አድራሻ ይወጣ ስለነበር ሳይመዘገቡ የሚጽፉት ሁሉ አብረው ተከለከሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አር ኤፍ ሲ 6302 አገልጋይ ኮምፒዩተሮች ከአድራሻው ጋር የፖርቱን ቍጥርና ትክክለኛውን ሰዓት እንዲመዘግቡ የመከረው ይህን የመሰለ ነገር ስላለ ነው። ያለ እነዚህ ሁለቱ የአይፒ አድራሻ ብቻውን በማንም ላይ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ «አድራሻህ ይህ ነው» የሚለው አነጋገር «ከውጭ የምትታይበት ይህ ነው» ተብሎ ቢታረም ይሻላል። ሰፊው ስድስተኛው የአይፒ ሥርዐት በየቤቱ እስኪደርስ ድረስ፥ ሰውን በሣጥኑ ቍጥር ብቻ አውቀነዋል ማለት አይገባንም።