ቀጥ ያለው መስመር አያታልላችሁ

በሞዴል ትርዒት ላይ ሰው ከብቦ የሚያደንቀው ተዋጊ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ የተሳሳተው ነው። የሙጫ ስፌት መታየት እንደሌለበት፣ ተለጣፊው ምልክት መጨማደድ እንደሌለበት ጀማሪም ያውቃል፤ አልፈዋለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ የኖርማንዲው መስመር ነው።

በጁላይ 1943 እ.ኤ.አ. ሲሲሊ ላይ 23 የአሜሪካ ማጓጓዣ አውሮፕላኖች በወገን ተኩስ ወደቁ። ያ እንዳይደገም ለጁን 6 ቀን 1944ቱ የኖርማንዲ ወረራ የወገን አውሮፕላኖች ክንፍና ወገብ ሦስት ነጭና ሁለት ጥቁር መስመር እንዲቀባ ታዘዘ። በባለ አንድ ሞተር ተዋጊ ላይ የእያንዳንዱ መስመር ስፋት 18 ኢንች ነው፤ በ1/72 ሞዴል 6.35፣ በ1/48 ደግሞ 9.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ማስመሪያ ይዛችሁ ለኩ።

ቀጥሎ ጠርዙን እዩ። ምስጢር እንዳይወጣ ትዕዛዙ ተዋጊ ክፍሎቹ ዘንድ የደረሰው ወረራው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። መካኒኮቹ ብሩሽ ይዘው በጥድፊያ ቀቡ። በብዙ የዘመኑ ፎቶግራፎች ላይ ጠርዙ ይወላገዳል፣ የብሩሹ ፈለግ ይታያል፣ ነጩ የሳሳበት ቦታ ላይ የሥሩ ቀለም ይወጣል። የአገር ዓርማ እንዳይሸፈን ስለታዘዘም መስመሩ ዓርማው ጋ ሲደርስ ይቋረጣል፤ በብዙዎቹ ላይ በመለያ ፊደሎቹ ዙሪያም አሮጌው ቀለም ተርፏል። በምላጭ የተቆረጠ የሚመስል መስመር የያዘ «የወረራው ዕለት» ተዋጊ ካያችሁ ሠሪው ያየው የሞዴሉን ካርቶን ሥዕል ነው። ሥራው ወድቋል።

ወሩም ይመሰክራል። በጁላይ 1944 ከላይ በኩል ያለው መስመር እንዲጠፋ ታዘዘ። ሙስታንግ ዲ የተባለው ተዋጊ ከሆነ ከጅራቱ ፊት ያለችውን ቅጥያ ፈልጉ፤ እሷ የመጣችው ከወረራው በኋላ ነው። ሙሉ መስመርና ቅጥያዋ አንድ ላይ ከታዩ ተጠራጠሩ። ባለ 108 ጋሎኑ ተጨማሪ የነዳጅ ታንክም ከተጨመቀ ወረቀት የተሠራው ዓይነት ከሆነ የብየዳ መስመር አይቀረጽበትም።

ሙያውን ያስተማሩኝ አዛውንት ፎቶግራፉን ጠረጴዛ ላይ ሳያስቀምጡ ብሩሽ አይነኩም ነበር። ሞዴል ይዘን ስንሄድ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የማን አውሮፕላን ነው? በየትኛው ወር?» ነው። መልስ የሌለው ሰው ሥራውን ይዞ ይመለሳል። ነጩን ሲቀቡ ብሩሻቸውን አሳጥረው ይቆርጣሉ፣ ያለ ማስመሪያ በእጃቸው ይስባሉ፤ እንደዚያ ያለ ነጭ ዳግም አላየሁም።

ዳኞች ሆይ፣ ፎቶግራፍ ላልቀረበለት የኖርማንዲ ተዋጊ ነጥብ አትስጡ።