የተሸናፊው ሰው ብሩሽ

እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ለንደን ውስጥ አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ሠዓሊው ዊንስተን ቸርችል፣ ሥዕሉ በማራኬሽ ከተማ ያለው የኩቱቢያ መስጊድ ሚናራ፣ ሻጯም የፊልም ተዋናይዋ አንጀሊና ጆሊ ስለነበሩ ወሬው ሁሉ በዋጋውና በባለቤቶቹ ዝና ዙሪያ ተሽከረከረ። ስለ ሥዕሉ ግን ብዙም አልተወራም። ቆም ብሎ ለሚያየው ሸራው የሚናገረው አለው። የምሽት ፀሐይ ሚናራውን አሙቆታል፤ ከኋላ የአትላስ ተራሮች በረዶ ተከናንበዋል፤ ረጃጅም ጥላዎች መሬቱን ያቋርጡታል። ከፊት ያሉት ሰዎች ግን ከቀለም ነጠብጣብ ብዙም አይርቁም። ብርሃኑ የሠለጠነ ዓይን ሥራ ነው፤ ሰዎቹ የአማተር እጅ።

ሥዕሉ የተሠራው በጃንዋሪ 1943፣ ከካዛብላንካው ጉባኤ በኋላ ሲሆን የተበረከተው ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ነው። በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ቸርችል የሣሉት እርሱን ብቻ ነው።

ብሩሽ የጨበጡት በ40 ዓመታቸው፣ በ1915 ነበር። የዳርዳኔልስ ዘመቻ ከሽፎ ከባሕር ኃይል ሚኒስትርነታቸው ተነሥተዋል፤ በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛል እንዲሉ፣ ወቃሹ በርክቷል። በእንግሊዝ ገጠር የወንድማቸው ባለቤት በውኃ ቀለም ስትሥል አይተው ሞከሩ፤ ወዲያውም ወደ ዘይት ቀለም ተሻገሩ። በኋላ ጽፈው በ1948 በመጽሐፍ መልክ በታተመው ድርሰታቸው እንደሚተርኩት፣ ነጩን ሸራ ፈርተው አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ብቻ አስቀምጠው ቆመው ሳለ የሠዓሊው ጆን ሌቨሪ ባለቤት፣ እርሷም ሠዓሊ የነበረችው ሄዘል ሌቨሪ ደረሰች። ትልቁን ብሩሽ ተቀብላ ሸራውን በሰማያዊ ሞላችው። ሸራው ምንም አልሆነም። ፍርሃቱም የለቀቃቸው ያን ጊዜ ነው።

የዘይት ቀለም ለዚህ ዓይነቱ ሰው ይመቻል። በውኃ ቀለም የሠራ ሰው ስሕተቱ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርግበታል። ዘይቱ ግን ቶሎ አይደርቅም፤ ያላማረው በቢላ ተፍቆ ይነሣል፤ ዛሬ በተበላሸው ሰማይ ላይ ነገ ሌላ ሰማይ ይደረብበታል። ለፖለቲከኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዳርዳኔልስን ስሕተት የሚፍቅ ቢላ አልተሠራም።

ደስታቸው ሲጎድል ሸራው አይደብቀውም። ዋልተር ሲከርት የተባለው ሠዓሊ ፎቶግራፍን በሸራ ላይ በብርሃን አሳርፎ መሥራትን አስተማራቸው። በ1927 በቻርትዌል መኖሪያቸው የተነሣ ፎቶግራፍን መነሻ ያደረገው የሻይ ግብዣ ሥዕል የዚህ ትምህርት ፍሬ ነው። አሣሣሉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ተጋባዦቹ ግን ከእንጨት የተጠረቡ ይመስላሉ። በ1932 የሣሉት የቻርትዌል ኩሬ ከዚህ እጅግ ይለያል። የቅጠሉ ጥላና የወርቃማዎቹ ዓሦች ቀለም በውኃው ውስጥ ተቀላቅለው፣ ላዩና ታቹ አይለይም። እዚህ ብሩሹ እየተጫወተ ነው። ይህ ሸራ፣ የዋጋውን ነገር ትተን ካየነው፣ ከኩቱቢያው ይበልጣል።

የእኛ አካባቢ ከዚህ ደስታ ሳይካፈል መቅረቱ ያስቆጫል። ቸርችል በ1907 ከሞምባሳ ተነሥተው በባቡር እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ፣ ከዚያም በኡጋንዳ አልፈው ተጉዘዋል። በቀጣዩ ዓመት የጉዞ መጽሐፍ አሳተሙ። ቀለም ግን ገና አልነካቸውም። ወደ አፍሪካ ብሩሽ ይዘው ሲመጡ፣ በ1921 በካይሮው ጉባኤ ወቅት፣ የሣሉት ፒራሚዶቹን ነው።

በጁላይ 1945 ጦርነቱን የመሩት ሰው በምርጫ ተሸነፉ። በሴፕቴምበር ከልጃቸው ከሣራ ጋር ወደ ጣሊያን፣ ወደ ኮሞ ሐይቅ ሄዱ፤ የቀለም ሣጥናቸው አብሯቸው ነበር። ለስድስት ዓመታት አንድ ሸራ ብቻ የሠሩት እጆች በሐይቁ ዳር ሸራ በሸራ ላይ ደረቡ። ሽንፈት ሁለት ጊዜ ወደ ሥዕል ወሰዳቸው ማለት ነው፤ ልዩነቱ በ1915 የማያውቁትን ነገር ሲያገኙ፣ በ1945 ግን ያጡትን መልሰው ማግኘታቸው ነው። የሚገርመው አሁንም ከሁሉ በፊት ዓይናቸውን የሳበው ውኃ መሆኑ ነው። ድል አድራጊው ስለ ድሉ አንዳች ነገር መሣል በቻሉ ነበር። እርሳቸው ግን የመረጡት ሐይቅና ዛፍ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዴቪድ ዊንተር በሚል የብዕር ስም፣ የብሩሽ ስም ማለት ይሻላል፣ ሁለት ሥዕሎችን ለለንደኑ ሮያል አካዳሚ ላኩ። ሁለቱም ተቀባይነት አገኙ። አንዱ ዛሬ በቴት ስብስብ ውስጥ የሚገኘው፣ በደቡብ ፈረንሳይ ያለውን የሉ ወንዝን የሚያሳየው ሸራ ነው።