ዳገቱ ካለቀ በኋላ

በካርታ ላይ ሲያዩት ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ የሚሄደው አስፋልት የሚያስፈራ ነገር የለውም። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ይርጋ ጨፌ 1,900 ሜትር ገደማ። አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ላይ የ300 ሜትር ልዩነት ማንን ያደክማል? ጪጩን አልፎ ወደ ወናጎ የገሰገሰ ብስክሌተኛ ግን ሒሳቡ እንዳልሠራ ወዲያው ይገባዋል።

ምክንያቱ የውኃው አካሄድ ነው። የጌዴኦ ወንዞች ከምሥራቁ ደጋ፣ ከቡሌ በኩል ተነሥተው ወደ ስምጥ ሸለቆው፣ ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳሉ። መንገዱ ደግሞ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄዳል። ወንዞቹን አንድ በአንድ ማቋረጥ አለበት። ስለዚህ ወደ ድልድዩ መውረድ፣ ከድልድዩ መውጣት፣ ደግሞ መውረድ፣ ደግሞ መውጣት ነው። የወጣኸውን ከፍታ ወዲያው ትመልሳለህ፤ ቀጥሎ ያለው ሸለቆ እንደ አዲስ ያስከፍልሃል። አንድ ረጅም ዳገት፣ ለምሳሌ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚያወጣው፣ አንድ ጊዜ ልክህን ካገኘህለት ቀሪው ትዕግሥት ነው። እዚህ ግን ልክህን በየአሥር ደቂቃው ትፈልጋለህ።

አብረውኝ የሚነዱ ወጣቶች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ጋሼ፣ ዳገት ላይ እንዴት ነው የሚፈጠነው?» ይሉኛል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ቦታው ግን አይደለም። በእንዲህ ያለ መንገድ ሰው ከሰው የሚለየው በዳገቱ መሐል አይደለም። የሚለየው ዳገቱ ሲጀምር ባለው አንድ ደቂቃና ዳገቱ ካለቀ በኋላ ባሉት ሃያና ሠላሳ የፔዳል ዙሮች ነው። መሐሉ ላይ ሁሉም ይለፋል፤ እዚያ የሚገኘው ልዩነት ከሚታሰበው ያነሰ ነው።

መጀመሪያውን ልውሰድ። ቁልቁለቱን በፍጥነት የወረደ ሰው ድልድዩ ላይ ሲደርስ ልቡ ሞልቷል፤ ንፋሱ በጆሮው ያፏጫል፣ እግሩ አርፏል። ዳገቱን በዚያው ስሜት ይጀምረዋል። ብስክሌቱ ከራሱ ፍጥነት ያተረፈው ጉልበት እስኪያልቅ ነገሩ ሁሉ ቀላል ይመስላል። ሲያልቅ ግን ማርሹ ከባድ ነው፣ ትንፋሹ ተቆርጧል፣ ዳገቱ ደግሞ ገና ሩቡ ነው። እኔ የማዘው ተቃራኒውን ነው፦ ፍጥነቱ ሳይወድቅ ማርሽ ማቅለል፣ እግሩን በቶሎ ቶሎ ማዞር፣ ደረት እስኪረጋጋ መጠበቅ። የጉልበት መለኪያ መሣሪያ የተገጠመላቸው ብስክሌቶች በየሰከንዱ ስንት ዋት እንደምታወጣ ይነግሩሃል፤ እዚህ አካባቢ ያንን የሚገዛ የለም። የእኛ መለኪያ ንግግር ነው። ከአጠገብህ ላለው ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆርጥ መናገር ከቻልክ ልክህ ላይ ነህ። ሁለት ቃል ብቻ ከወጣህ አልፈሃል። ዝም ካልክ ደግሞ ቀሪው ውድድር ስላንተ ይናገራል።

አሁን ወደ ጫፉ እንምጣ። አብዛኛው ሰው አናቱ ላይ ሲደርስ ምን ያደርጋል? ይተነፍሳል። ፔዳሉን ያቆማል፣ ውኃውን ያነሣል፣ ዞር ብሎ ማን እንደቀረ ያያል። ዳገቱን ሁሉ ተሰቃይቶ ያፈራውን እዚያ ላይ ይጥለዋል። ነገሩ የንፋስ ጉዳይ ነው። በሰዓት 12 ወይም 15 ኪሎ ሜትር እየወጣህ ሳለ የምትታገለው ከክብደትህ ጋር ነው፤ አየሩ ምንም አያደርግህም ማለት ይቻላል። በሰዓት 40 ስትወርድ ግን ትግሉ ከአየሩ ጋር ብቻ ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናልና። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ የሚጨመር ጉልበት ብዙ ወጥቶበት ጥቂት ሰከንድ ነው የሚመልሰው። ዳገት ላይ የሚጨመር ጉልበት ጊዜ ይመልሳል፤ ግን እግርን ይበላል። አናቱ የሁለቱ ድንበር ነው። ፍጥነትህ ገና ዝቅተኛ ስለሆነ አየሩ አይከለክልህም፤ ሜዳው ስለጀመረ ክብደትህ አይጎትትህም። እዚያ ላይ ሃያ ጊዜ ጠንከር አድርገህ ብታዞር በሰዓት ከ12 ወደ 30 ትደርሳለህ፤ ያ ፍጥነት ቁልቁለቱን ሁሉ አብሮህ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ነው ዕረፍቱ፣ ከዚያ በኋላ ነው ውኃው። አንድ አናት ላይ የሚገኘው ትርፍ ጥቂት ሰከንድ ነው። ችግሩ ጌዴኦ ውስጥ አናቱ አንድ አለመሆኑ ነው።

ይህን ለማድረግ ግን አናቱ ላይ እግር ተርፎህ መድረስ አለብህ፤ እዚህ ላይ የማርሽ ነገር ይመጣል። ወደ እኛ የሚደርሱት የውድድር ብስክሌቶች አብዛኞቹ ያገለገሉ ናቸው፤ የተሠሩትም ለሜዳ ነው። የፊቱ ትንሹ ማርሽ 39 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 25 የሆነ ብስክሌት ፔዳሉ በደቂቃ 70 ጊዜ ሲዞር በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከዚያ በታች ከወረድክ እግርህ እንደ ጭቃ ረጋጭ እየከበደ ይሄዳል፤ ጉልበትህም መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል። የፊቱ 34፣ የኋላው 32 ከሆነ ግን በዚያው የእግር ፍጥነት በሰዓት ከ9 ኪሎ ሜትር ትንሽ በላይ እየሄድክ ዳገቱን መጨረስ ትችላለህ። ብስክሌቱና ነጂው በአንድነት 85 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በስድስት በመቶ ዳገት ላይ የመጀመሪያው 220 ዋት ገደማ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው በ150 ዋት አካባቢ ያልፋል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ወጣት ለአምስት ደቂቃ የሚችለውና ለአምስት ሰዓት የሚችለው ልዩነት ነው። ወጣቶቹ ግን ትልቅ ጥርስ ይወዳሉ። ከባድ ማርሽ መግፋት ጉብዝና ይመስላቸዋል፤ ቀላል ማርሽ ያለበትን ብስክሌት «የሴት ሳይክል» ይላሉ። ሴቶቹ በዚያው ማርሽ አልፈዋቸው ሲሄዱ ነው ይህ ቃል የሚቆመው።

መለዋወጫውን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይቻላል፤ ርካሽ አይደለም። እኔ አንድ ሰው ገንዘብ ካለው ቀላል ጎማ ወይም የሚያምር ማልያ ከመግዛቱ በፊት የኋላ ማርሽ ይግዛ ባይ ነኝ። ካቴናውም አብሮ መረዘም እንዳለበት አይርሳ፤ አጭር ካቴና ትልቁ ጥርስ ላይ ሲወጣ የማርሽ መቀየሪያውን ገንጥሎ ይጥለዋል።

ስለ ቁልቁለቱ ብዙ መባል አለበት፤ እዚህ መንገድ ላይ ሰው የሚጎዳው ሲወርድ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ከትልልቅ አገር በቀል ዛፎች በታች ቡና፣ ከቡናው ጋር እንሰት አብሮ የሚበቅልበት ነው። ለዓይን ደስ ይላል። ለብስክሌተኛ ግን ጥላ ማለት ነው፤ ጥላ ያለበት አስፋልት ፀሐይ ወጥቶም ቶሎ አይደርቅም። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ደግሞ ቀይ አፈር ከየዳገቱ ታጥቦ የሚከማቸው ሸለቆው ሥር፣ ድልድዩ አፋፍ ላይ ነው፤ ማለትም ፍጥነትህ ከሁሉም በሚበልጥበት ቦታ። በቡና ለቀማ ወቅት የመንገዱ ዳር ጆንያ በተሸከመ ሰው ይሞላል። ባጃጁ ሳያስጠነቅቅ ይቆማል። ፍየል ደግሞ ሁልጊዜ ሐሳቧን የምትቀይረው መሐል አስፋልት ላይ ነው።

ስለዚህ ፍሬን የሚያዘው ከኩርባው በፊት እንጂ ኩርባው ውስጥ አይደለም። አጥብቆ ይያዛል፣ ይለቀቃል፤ ቁልቁለቱን ሁሉ በቀስታ ጨብጦ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፤ የጋለ ቸርኬ ካላማዳሪ ያፈነዳል። ዓይን ጎማው ሥር ሳይሆን ኩርባው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ይሁን። ከሲኖትራክ ኋላ ተጠልሎ መውረድን የሚወዱ ልጆች አሉ፤ ንፋሱን ይሰብርላቸዋል። ያንን ሲያደርግ ያየሁትን ልጅ ከዚያ ቀን ልምምድ አስወጣዋለሁ። በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

በዓለም ደረጃ ይህ ዓይነቱ መንገድ ምን እንደሚያደርግ ማየት የፈለገ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ኪጋሊ የተካሄደውን የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ያስታውስ፤ አፍሪካ ውድድሩን ስታስተናግድ የመጀመሪያዋ ነበር። የወንዶቹ ርቀት 267.5 ኪሎ ሜትር፣ የሚወጡት ዳገት ተደምሮ 5,475 ሜትር ነበር። የኪጋሊ ከፍታ ከዲላ ብዙም አይርቅም፤ ኮረብታዎቿም በተናጠል ሲታዩ አጫጭር ናቸው። ሆኖም ከ160 በላይ ተወዳዳሪዎች ተነሥተው የጨረሱት 30 ብቻ ናቸው። ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀረው አምልጦ አሸነፈ። ሌሎቹን ያወጣቸው አንድ አስፈሪ ተራራ አልነበረም፤ መደጋገሙ ነው።

እኛም ለዳገት እንግዶች አይደለንም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት እ.ኤ.አ. የ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ነበሩን። ከመቀሌ የወጣው ፀጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመንዳት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የብስክሌቱ ባህል ሥር የሰደደው በሰሜኑ ነው፤ ደቡቡ መንገዱ አለው፣ ከፍታው አለው፣ ሯጭም አለው፤ የጎደለው ብስክሌቱ ነው።

ሯጭ ያልኩት በምክንያት ነው። ረጅሙ ትራያትሎን 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና አንድ ሙሉ ማራቶን ነው። ዋናውን ለጊዜው እንተወው፤ አባያ ላይ መዋኘት የሚፈልግ አስቀድሞ ከአዞዎቹ ጋር ይስማማ። ብስክሌትና ሩጫ ብቻ ያለውን ዱአትሎንን ግን እዚህ መለማመድ ይቻላል፤ እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው። በእነዚህ ረጃጅም ውድድሮች ሌላ ሰው ጀርባ መጠለል ክልክል ነው፤ ቢያንስ 12 ሜትር መራቅ አለብህ። ዳገቱን ብቻህን ትከፍላለህ፤ ከፍለህ ስትጨርስ ደግሞ ወርደህ ትሮጣለህ። በዳገት ላይ ከልክ በላይ የወጣ እግር የሚታወቀው ብስክሌቱ ላይ አይደለም፤ በሩጫው አሥረኛና አሥራ አምስተኛ ኪሎ ሜትር ላይ ነው።

ምግቡም በዚያው ስሌት ይሄዳል። ለረጅም ጉዞ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል። ጠዋት የቡላ ገንፎ፣ መንገድ ላይ በማር የተበጠበጠ በሶና ሙዝ ይበቃናል፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ አለው። ከባዱ ነገር መቼ እንደሚበላ ነው። ዳገት ላይ ትንፋሽ የለም፤ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ሁለቱም እጆች ፍሬኑ ላይ ናቸው። የሚቀረው ከአናቱ በኋላ ፍጥነት ተይዞ መንገዱ ቀጥ የሚልበት ግማሽ ደቂቃ ነው። የት የት እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ልጆቹ በየዛፉና በየቡና ማጠቢያው ምልክት አድርገው ያውቁታል።

እዚህ ውድድር ቢዘጋጅ መንገዱን እኔ ብመርጥ ከዲላ አስነሥቼ በጪጩና በወናጎ ይርጋ ጨፌ አድርሼ በዚያው እመልሳቸው ነበር። ወደ ቡሌ የሚያወጣው፣ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋው ደጋ ያምራል፤ ግን እዚያ ማን ጠንካራ እንደሆነ ነው የሚታወቀው፣ ማን መንዳት እንደሚችል አይደለም። የይርጋ ጨፌው መንገድ መዞሪያው ላይ ያጭበረብራል። ሁሉም «አሁን መመለሻ ነው፣ ቁልቁለት ነው» ብሎ የቀረውን ጉልበት ያወጣል። ለምሳሌ ስትሄድ በጠቅላላው 700 ሜትር ወጥተህ ከሆነና የሁለቱ ከተሞች ልዩነት 300 ከሆነ፣ ስትመለስ ገና 400 ሜትር መውጣት ይጠብቅሃል፤ በደከመ እግር፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ፣ የወረድካቸው ቁልቁለቶች ሁሉ ዳገት ሆነው። ስለዚህ መዞሪያው ላይ ለሚደርሱት የምነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማርሽህን አቅልል፣ ሙዝህን ብላ፣ የመጀመሪያውን አናት እስክታልፍ ማንንም አትከተል።